ከእንስራዋ ስር ያለችውን ካርድ ለምትጽፉ

ይድረስ ለሙዚየም ኃላፊዎች፣ ለኤግዚቢሽን አዘጋጆች፣ ካታሎግ ለምታሰናዱ፣ በተለይ ደግሞ ከዕቃው ስር የምትለጠፈውን ያችን የሦስት መስመር ካርድ ለምትጽፉ ሁሉ።

ጤና ይስጥልኝ። ስሜን አልጽፍም። ስለ ስም ልሟገት ተነስቶ ስሙን የደበቀ ሰው ያስቃል፣ አውቃለሁ። ግን የእኔ ሥራ ሙዚየም ውስጥ የለም፤ ወደፊትም የሚገባ አይመስለኝም። ጭቃ የምነካካ ሰው ነኝ። ማታ ማታና ቅዳሜና እሑድ። ከምሠራው ግማሹ ይሰነጠቃል፣ ከቀረው ግማሹ ይንጋደዳል፣ የተረፈውን ለወዳጅ እሰጣለሁ፤ ወዳጅም አመስግኖ ይወስድና እስክሪብቶ ያስቀምጥበታል። ይህን የምላችሁ የተማረ ሐያሲ ነው ብላችሁ እንዳትሳሳቱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሙዚየም ገብቼ ነበር። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ እዚያ ያየሁት ሌላም ቦታ ሞልቷልና አንዱን ነጥሎ መውቀስ ደስ አይልም። ከአዳራሹ ጥግ፣ በመስታወት ሳጥን ውስጥ፣ አንዲት ትልቅ እንስራ ተቀምጣለች። ሆዷ ሰፊ፣ አንገቷ አጠር ያለ፣ ከንፈሯ ወደ ውጭ የተገለበጠ። ትከሻዋ ላይ በቀጭኑ የተጫረ መስመር ዙሪያዋን ይዞራል። ቁጢጥ ብዬ ከታች ወደ ላይ አየኋት። ከዚያ በእግሬ ጣት ቆሜ በአፏ በኩል ወደ ውስጥ አጮለቅሁ። መብራቱ ቀጥታ ከላይ ነበርና ከአንገቷ በውስጥ በኩል አራት የጣት ፈለጎች ታዩኝ። ጎን ለጎን ናቸው፣ ከታች ወደ ላይ የተሳቡ፣ እርጥቡን ጭቃ ወደ ውጭ የገፉ። የትንሿ ጣት ፈለግ ጫፍ ላይ ደግሞ የጥፍር ጭረት አለ፤ ጎበጥ ያለች፣ ሩዝ የምታክል። የራሴን እጅ አንስቼ በሐሳቤ ለካሁት። እጇ ከእኔ እጅ ያንስ ነበር።

ከዚያ ካርዱን አነበብኩ። «የውሃ እንስራ። ምዕራብ አፍሪካ። 20ኛው ክፍለ ዘመን። ሸክላ።» አለቀ። ከስሩ፣ ደመቅ ባለ ፊደል፣ እንስራዋን ለሙዚየሙ የሰጡት ባልና ሚስት ስም ከነማዕረጋቸው፣ ከነዓመተ ምሕረቱ።

የሰጡት ስም አላቸው። የሠራችው የላትም። ኧረ እንዴት ነው ነገሩ?

መልሳችሁን እገምታለሁ። «መዝገቡ ላይ የለማ! ከየት እናምጣው?» ትላላችሁ። እውነት ነው፣ ብዙ ጊዜ የለም። ግን ለምን የለም? ያኔ ዕቃውን የገዛው ሰው በዋጋ ተከራክሯል፣ ቁመቱን ለክቷል፣ በሣጥን አሽጎ በመርከብ ልኳል፣ ደረሰኙን አስቀምጧል። ይህን ሁሉ ያደረገ ሰው «ማን ሠራው?» ብሎ ለመጠየቅ ስንት ደቂቃ ይፈጅበት ነበር? ካርዶቻችሁ ላይ «ሠሪው ያልታወቀ» የምትሉት አብዛኛው፣ በእኔ ግምት፣ «ያልተጠየቀ» ነው። ዕቃው በተሸጠበት ገበያ የነበሩት ሴቶች ግን የማን እጅ እንደሆነ በሩቁ ይለዩት ነበር። ጭቃ የሚነካ ሰው ይህን ያውቃል። የከንፈር አገላበጥ እንደ እጅ ጽሑፍ ነው፤ የሁለት ሰው አንድ አይሆንም።

አንድ ሰው ልጥራላችሁ። ላዲ ክዋሊ። (ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ በእናንተ ካታሎግ ያሉት እንዲያ ስለሆኑ።) ናይጄሪያዊት ናት። በ1925 ገደማ ክዋሊ በምትባል መንደር ተወለደች፤ ዛሬ የአገሪቱ ዋና ከተማ አቡጃ ባለችበት ክልል ውስጥ ማለት ነው። «ላዲ» በሐውሳ እሑድ ለተወለደች ሴት የሚወጣ ስም ነው፣ እኛ ሰንበቴ እንደምንለው። «ክዋሊ» መንደሯ ነው። እንግዲህ የክዋሊዋ ሰንበቴ። ሕዝቧ ግባጊ ይባላል፣ ሌሎች ግዋሪ ይሏቸዋል። እዚያ ሸክላ የሴቶች ሥራ ነው። ላዲም ልጅ ሳለች ከአክስቷ ተማረች።

እዚህ ላይ አንዴ ልቁም። ስለ ላዲ የተጻፈውን ስታገላብጡ ብዙው ጽሑፍ «አክስቷ አስተማረቻት» ብሎ ያልፋል። አክስቷ። በቃ። ፎቶዋ በገንዘብ ላይ የታተመ ሴት ናት የምነግራችሁ፣ እሱን እመጣበታለሁ፤ የእሷ መምህር ግን «አክስት» ናት። ለእንግሊዛዊ ሸክላ ሠሪ ሲሆን «የእገሌ ደቀ መዝሙር» ብላችሁ ከነትውልድ ሐረጉ ትዘረዝሩ የለ?

አሠራሯን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ካርዱ ላይ «በእጅ የተሠራ» ተብሎ የሚታለፈው ይኸው ስለሆነ። ጭቃውን እያሽከረከረ ቅርጽ የሚያስይዘው መንኮራኩር የለም። መጀመሪያ አንድ ድብልብል ጭቃ ታስቀምጥና መሃሉን በቡጢ ከፍታ ጎኑን ወደ ላይ ትስበዋለች። ከዚያ ጭቃ በመዳፏ እያሸች እንደ ወፍራም ገመድ ታረዝማለች፣ ገመዱን በግድግዳው አናት ላይ ዙሪያውን ትደርባለች፣ በጣቷ ትቆነጥጣለች፣ መጋጠሚያውን ታጠፋለች። ደግሞ ሌላ ገመድ። ደግሞ ሌላ። ሆዱ እንዲነፋ ከውስጥ በጠፍጣፋ እንጨት ትመታዋለች። ይህ ሁሉ ሲሆን ዕቃው አይዞርም። የምትዞረው እሷ ናት። ወገቧን ሰበር አድርጋ፣ አንድ እጇን ውስጥ አንዱን ውጭ አድርጋ፣ ወደ ኋላ እየተራመደች እንስራዋን ትዞራታለች። ሞክሬዋለሁ። በሦስተኛው ዙር ራሴን አዞረኝ፣ እንስራዬም ወደ አንድ ጎን ዘመመች፤ እግሬ እኩል ስላልተራመደ ግድግዳውም እኩል አልሆነም። ያን ቀን ነው የገባኝ። ክቡ የሚወጣው ከእግር ነው።

ከዚያ ጌጡ ይመጣል። የተፈተለ ክር ወይም ጥርስ ያወጡለት ትንሽ እንጨት እርጥቡ ላይ ሲንከባለል ጥልፍ የመሰለ ዱካ ይተዋል። በመስመር በተከፈሉት ቦታዎች ውስጥ ደግሞ እንሽላሊት፣ ጊንጥ፣ አዞ፣ እስስት፣ እባብ፣ ወፍ፣ ዓሣ ትጭርበታለች። ጊንጧ የምር ጊንጥ አትመስልም፤ ግን ጅራቷን ስታዩ እግራችሁን ትሰበስባላችሁ።

ቀጥሎ እሳት። በደረቅ ሣርና በጭራሮ ተከምሮ፣ ሜዳ ላይ። እና ይኼን «ቀላል» ስትሉት ነው ደሜ የሚፈላው። እኔ ኤሌክትሪክ ማቃጠያ አለኝ፣ ሙቀቱን በቁጥር የሚያሳይ፣ ያም ሆኖ አምና አንድ ትልቅ ማሰሮ ውስጡ ፈነዳብኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ቸኮልኩ፣ ደርቋል ብዬ ገመትኩ። በግድግዳው ውስጥ የቀረ እርጥበት 100 ዲግሪ ሲያልፍ እንፋሎት ይሆናል፣ መውጫ ካጣ በርግዶ ይወጣል። በኋላ አንዲት የሸክላ ሠራተኛ ሳቀችብኝና «ጉንጭህ ላይ አድርገኸው አታውቅም እንዴ?» አለችኝ። ጭቃውን ጉንጭ ላይ ማስጠጋት። ቀዝቀዝ ካለ ገና ውሃ አለው፣ ይቆይ። ለብ ካለ ደርቋል። ሺህ ብር የሚያወጣ መሣሪያ ያልነገረኝን ጉንጬ ይነግረኝ ነበር። ሜዳ ላይ ያለ እሳት ደግሞ ቁጥር የለውም። ነፋሱ፣ የሣሩ ድርቀት፣ የጭሱ ቀለም፣ የእሳቱ ቅላት፣ ሁሉም በዓይን ነው። 573 ዲግሪ አካባቢ በጭቃው ውስጥ ያለው የአሸዋ ማዕድን በድንገት ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝም እዚያው ላይ ይኮማተራል፣ ቶሎ የተላለፈው ዕቃ ቋ ብሎ ይሰነጠቃል። ያቺ እንስራ ሳትሰነጠቅ እናንተ መስታወት ውስጥ መድረሷ «ቀላል» አይደለም።

ወደ ላዲ ልመለስ። ወጣት ሳለች ሥራዋ ታወቀ። በወቅቱ የአቡጃ ኤሚር የነበሩት ሱለይማን ባራው እንስራዎቿን ቤተ መንግሥታቸው ውስጥ አስቀምጠው ነበር። (ያቺ አቡጃ የዛሬዋ ዋና ከተማ አይደለችም። የድሮዋ አቡጃ አሁን ሱሌጃ ትባላለች፤ ስሟን ለዋና ከተማዋ ሰጥታ።) በ1950 ማይክል ካርዲው የሚባል እንግሊዛዊ ሸክላ ሠሪ በቅኝ መንግሥቱ ተቀጥሮ ሲመጣ የላዲን ሥራ ያየው እዚያ ቤተ መንግሥት ነው።

ታዲያ ታሪኩ ብዙ ጊዜ እንዴት ነው የሚነበበው? «ካርዲው አገኛት።» አገኛት! ሥራዋ ኤሚሩ ቤት ደርሶ፣ ገበያው የእሷን እጅ ለይቶ እየገዛ፣ ያላገኛት ማን ነበርና ነው? እሱ ነው የዘገየው። ካርዲውን ለማንቋሸሽ አይደለም፤ ታዋቂው እንግሊዛዊ ሸክላ ሠሪ በርናርድ ሊች ዘንድ የተማረ ትልቅ ባለሙያ ነበር፣ የላዲን ሥራ ሲያይ ደግሞ ምን እንደሚያይ ገብቶታል። የሚያበሳጨኝ የእናንተ «ሥራዋን የጀመረችው ያኔ ነው» የሚለው መስመር ነው። የሕይወት ታሪኳን ከዚያ ቀን ስትጀምሩ ከጀርባው ያሉት የልጅነትና የወጣትነት ዓመታት ልምምድ እንኳ አይባሉም። ዝም ብለው ይጠፋሉ።

ካርዲው አቡጃ ላይ የሸክላ ማሠልጠኛ ማዕከል አቋቋመ። አስቂኙ ነገር፣ ሸክላ የሴቶች በሆነበት አገር ማዕከሉ መጀመሪያ የተቀበለው ወንዶችን ነው። በመንኮራኩር መሥራትና መስታወት መሰል ልባስ መቀባት፣ ማለትም ግሌዝ፣ ሊማሩ። ላዲ በ1954 ገባች፣ የመጀመሪያዋ ሴት ሆና። መንኮራኩሩንም ተማረች፤ ጎድጓዳ ሳህን ሠርታ በቀጭን ፈሳሽ ጭቃ ትነክርና በጃርት እሾህ እየጫረች ከስር ያለውን ቀለም ታወጣለች። ከጊዜ በኋላ እሷም አስተማሪ ሆነች። ትልልቆቹን እንስራዎች ግን አልተወቻቸውም። እነሱን እንደ ድሮው በእጇ፣ ወደ ኋላ እየተራመደች፣ ነው የሠራቻቸው። ከዚያ የጫረችውን ጌጥ በነጭ ጭቃ ትሞላለች፣ ዕቃው አረንጓዴ ወይም ቡናማ ግሌዝ ይቀባል፣ ከ1200 ዲግሪ በላይ በሚሞቅ ማቃጠያ ውስጥ ይገባል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ተለወጠ፤ ካርዶቻችሁ ላይ ግን አንድም ቀን አላየሁትም። ሜዳ ላይ የተቃጠለ እንስራ ያልባል። ውሃው በግድግዳው ውስጥ ቀስ እያለ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ላዩ ላይ ይተናል፣ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል፤ ስለዚህ ውስጥ ያለው ውሃ ይቀዘቅዛል። ይኼው ነው የእንስራ ሥራ። ግሌዝ ተቀብቶ በዚያ ሁሉ ሙቀት የተቃጠለ እንስራ ግን አያልብም። እንደ ጠርሙስ ነው። ውሃ ይይዛል እንጂ አያቀዘቅዝም። ቅርጹ ያው፣ ጌጡ ያው፣ እጁ ያው፣ ግን ከገበያው ወጥቶ ወደ ጋለሪ ገባ። አንዳንዱ ሰው ይህን እንደ ማዕረግ ያየዋል፣ «ዕቃ የነበረው ጥበብ ሆነ» ብሎ። እኔ አይዋጥልኝም። ውሃ የሚያቀዘቅዘውም ጥበብ ነበር። የማያቀዘቅዘውንም አልጠላሁትም፤ ቆንጆ ነው፣ በጣም ቆንጆ። ብቻ ከፊቱ የቆመው ሰው ይህን ቢያውቅ ምናለ? አንድ መስመር ነው።

ከዚያማ ዓለም ሁሉ አወቃት። በ1958፣ በ1959 እና በ1962 ሥራዋ ለንደን በርክሌይ ጋለሪ ታየ። እንግሊዝ ሄዳ ሰው ፊት ሠርታ አሳየች። በ1962 የእንግሊዝ መንግሥት ኤም ቢ ኢ የሚባለውን ኒሻን ሰጣት። በ1972 ከካርዲውና ከጋናዊው ሸክላ ሠሪ ኮፊ አቴይ ጋር አሜሪካን ዞረች። በ1977 የአህመዱ ቤሎ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጣት። የሸክላ ማዕከሉም በኋላ በስሟ ተጠራ። በነሐሴ 1984 አረፈች። የናይጄሪያን ሃያ ናይራ ገልብጣችሁ እዩት፤ እሷ ናት፣ ከእንስራዋ ጋር። አቡጃም ውስጥ በስሟ የተሰየመ ጎዳና አለ።

ደስ ይላል አይደል? አዎ ደስ ይላል። ግን አስቡት። አንድ ሰው ለቅኝ መንግሥት ተቀጥሮ አንድ ቤተ መንግሥት ባይገባ ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ያው ላዲ፣ ያው እጅ፣ ያው ጊንጥ፣ ያው አዞ። ካርዱ ግን «የውሃ እንስራ። ምዕራብ አፍሪካ። ሸክላ።» ይል ነበር። በማዕከሉ የሠራቻቸው ዕቃዎች የስሟ ሁለት የመነሻ ፊደላት የታተሙባቸው ናቸው፤ የጥፍር ያህል ማኅተም። ያቺ ማኅተም ያለችበት ዕቃ ለንደን በቪክቶሪያ ኤንድ አልበርት ሙዚየም ከነስሟ ይቀመጣል። ማዕከሉ ከመምጣቱ በፊት ለገበያ የሠራቻቸው ግን ማኅተም የላቸውም። ከእነሱ መሃል ተርፎ ከአንዳችሁ መጋዘን የተቀመጠ ይኖር ይሆን? ያቺ ያየኋት እንስራ የላዲ ብትሆንስ ምን ታውቃላችሁ? ናት አላልኩም። ማንም አልጠየቀም ነው የምለው።

ከላዲ ጎን ደግሞ ሌሎች ነበሩ። ሐሊማ አውዱ። አሲቢ ኢዶ። ካንዴ ኡሻፋ። ከላዲ በኋላ ወደ ማዕከሉ የገቡ ሴቶች ናቸው፣ ልክ እንደ እሷ በእጃቸው እንስራ የሚሠሩ። ሐሊማ ብዙ ሳትቆይ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሞተች። እነዚህን ስሞች ስንት ሰው ያውቃቸዋል? አንድ ሴት ኮከብ ስትሆን ሌሎቹን «ተማሪዎቿ» ወይም «ረዳቶቿ» ብሎ መጠቅለል ይቀላል። የአሲቢንና የላዲን እንስራ ጎን ለጎን አስቀምጡና ሰው ራሱ ይለይ። ይለያል፣ እመኑኝ።

ስም ነገር ሁልጊዜ ቀላል ነው እያልኩ አይደለም። በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ፣ ሳን ኢልዴፎንሶ በሚባል የቀደምት ሕዝቦች መንደር፣ ማሪያ ማርቲኔዝ የምትባል ሸክላ ሠሪ ነበረች። ጥቁር በጥቁር ላይ የሆነው ሥራዋ ዓለምን ዞሯል። በዚያ መንደር ዕቃ የአንድ ሰው አልነበረም፤ እሷ ትሠራለች፣ ባሏ ጁሊያን ይስልበታል፣ ዘመድ አዝማድ ያለሰልሳል፣ እሳቱ የሁሉም ነው። በ1920ዎቹ ገዢ ፊርማ ሲፈልግ መፈረም ጀመረች። ከዚያ ምን ሆነ? ስሟ ያለበት ዕቃ በጥሩ ዋጋ እንደሚሸጥ ስታይ ለሌሎቹም ሴቶች ፈረመችላቸው። ገበያው በፊርማ ካበደ ፊርማውን ለጎረቤት ማካፈል! ሰብሳቢዎች ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ይይዛሉ፣ እኔ ግን በሳቅ ነው የሞትኩት። ልዩነቱን ግን አስተውሉ። እሷ ስሟን ለማን እንደምትሰጥ ራሷ ወሰነች።

ጃፓናዊው ሸክላ ሠሪ ሾጂ ሐማዳም ዕቃው ላይ አይፈርምም ነበር። ይህን እየጠቀሳችሁ «እውነተኛ ሸክላ ሠሪ ስም አይፈልግም፣ ውበቱ በስም የለሽነቱ ነው» የምትሉ አላችሁ፤ ንግግር ላይ ሰምቻለሁ። እሺ። ግን የሐማዳ ዕቃ የሚቀመጥበትን የእንጨት ሣጥን ማን ነበር የሚፈርመው? ራሱ ሐማዳ። በ1955 ደግሞ ጃፓን በሕይወት ያለ ብሔራዊ ቅርስ ብላ ሰይማዋለች። ስሙን አገር የሚያውቀው ሰው አለመፈረሙ ትሕትና ነው፤ ማንም ያልጠየቃት ሴት አለመፈረሟን ግን ትሕትና አትበሉት። በነገራችን ላይ ስለ ስም የለሽ ሠራተኛ ውበት የሚሰብኩትን ሰዎች ስም ሁላችንም እናውቀዋለን።

አንድ ደግ ምሳሌ ልስጣችሁ፣ ደብዳቤዬ እሮሮ ብቻ እንዳይሆን። ሸክላ ሠሪዋ ማግዳሊን ኦዱንዶ። በ1950 ናይሮቢ ተወለደች፣ እንግሊዝ ሄዳ ሥነ ጥበብ ስትማር ካርዲውን አገኘችው፣ ከዚያ በ1974 እና 75 አቡጃ ማዕከል ሄዳ ከእነ ላዲ ሥር ተቀምጣ በእጅ መሥራት ተማረች። ከእንግሊዝ ትምህርት ቤት ወጥቶ ወደ ላዲ መሄድ፤ መንገዱ በተቃራኒው ነው፣ አያችሁ? ዛሬ ሥራዋ በዓለም ትልልቅ ሙዚየሞች አለ፣ በ2020 የእንግሊዝ መንግሥት «ዴም» የሚለውን የክብር ማዕረግ ሰጥቷታል። ግሌዝ አትቀባም። ጭቃውን ትደርባለች፣ ትፍቃለች፣ እስኪያንጸባርቅ ታሸዋለች፣ ከዚያ እሳቱ ውስጥ አየሩን ስታፍነው ቀዩ ይጠቁራል። የእሷን ካርድ ስትጽፉ ትጠነቀቃላችሁ። የተማረችበትን ኮሌጅ በዓመተ ምሕረት ትዘረዝራላችሁ። የምጠይቃችሁ ከኮሌጁ ቀጥሎ ላዲንና አሲቢን እዚያው መስመር ላይ፣ በዚያው መጠን ፊደል፣ እንድትጨምሩ ነው። «ጉብኝት» ብላችሁ ሳይሆን «መምህራን» ብላችሁ።

ሌላው ደግሞ «ባህላዊ» የምትሏት ቃል። ገመድ እየደረቡ የሚሠራው «ባህላዊ»፣ በመንኮራኩር የሚሠራው «ዘመናዊ» ይባላል። መንኮራኩሩ እኮ ከ5000 ዓመት በላይ ሆኖታል! ሜሶፖታሚያ ላይ ሲሽከረከር የነበረ ነገር ነው። ላዲ በ1960ዎቹ የሠራችው እንስራ እንዴት ነው ከእሱ የሚያረጀው? ቃሉን ጨርሳችሁ ጣሉ አልልም፣ ግን ጊዜ መናገር ስትፈልጉ ዓመት ጻፉ።

ስም በሌለበትስ? መንደሩን ጻፉ፣ «ምዕራብ አፍሪካ» የሚያክል ሰፊ ምድር አይደለም። የገዛው ሰው መቼና ከየት እንደገዛ ጻፉ። «ሠሪው ያልታወቀ» ከምትሉ «ሲገዛ የሠሪዋ ስም አልተመዘገበም» በሉ፤ ጥፋቱ ከዕቃው ወደ መዝገቡ ይሄዳል። የምትችሉ ደግሞ ፎቶውን ይዛችሁ መንደሩ ድረስ ሂዱ። ሽማግሌ ሴቶች አሉ። «ይቺ የእገሊት እጅ ናት» ሊሉ ይችላሉ፣ ላይሉም ይችላሉ፤ ግን ቢያንስ ተጠየቁ ማለት ነው። እና እባካችሁ መስታወት አስቀምጡ፣ የመስታወት ሳጥን አይደለም፣ ትንሽ መስተዋት ከአፏ በላይ ሰያፍ አድርጋችሁ። ሰው እንደ እኔ በእግሩ ጣት ሳይቆም የጣቷን ፈለግ ይይ።

ከወር በኋላ ተመልሼ ሄጄ ነበር። እንስራዋ እዚያው ናት። የአዳራሹን ጥበቃ «ስለዚህች እንስራ የሚጠይቅ ሰው አለ?» አልኩት። «አለ» አለኝ፣ «ስንት ሊትር ትይዛለች ይሉኛል»። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እሱ ራሱ ሁልጊዜ ማታ መብራት ሲያጠፋ በውስጧ እንደሚያይ ነገረኝ። «ጥፍሯን አይተሃል?» አለኝ። አይቻለሁ አልኩት። የአስተያየት መስጫ ወረቀት አመጣልኝና ይህን ሁሉ እዚያች ብጣሽ ላይ ማስገባት ስላቃተኝ ነው እንዲህ አደባባይ የወጣሁት።

ካርዷን ስትቀይሩ የሰጪዎቹን ስም እንዳታጠፉ። መስጠታቸው ደግ ነው። ትንሽ ዝቅ አድርጉትና ከላይ አንድ መስመር ቦታ ተዉ፤ ለጊዜው ባዶ ቢሆንም ግድ የለም።

አክባሪያችሁ፣
ጥፍሬ ውስጥ ጭቃ ያለብኝ ሰው